ያልተለካ ደረት

ሰኞ፤ ጠብታ በተወለደች በሃያኛው ቀን

አዋላጇ ነርስ «በየስንት ሰዓቱ እንደምታጠቢ እየጻፍሽ ያዢ» ስላለችኝ ነው ይህን ደብተር ያወጣሁት። የሱቃችን የልኬት ደብተር ነው። ደረት፣ ወገብ፣ ትከሻ፣ እጅጌ የሚሉ ዓምዶች አሉት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ቁመና ስጽፍበት የኖርኩት ዓይነት። አሁን «ደረት» በሚለው ሥር ግራ ወይም ቀኝ እያልኩ እጽፋለሁ፤ «እጅጌ» በሚለው ሥር ሰዓቱን።

ግን ዛሬ የሆነውን በየትኛው ዓምድ ላስገባው? ጠብታ ተኝታ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤት ሕፃን አለቀሰ። ልጄ አይደለም፣ መልኩን እንኳ አላውቀውም። ጡቴ ግን ስሙ እንደተጠራ ሰው «አቤት» አለ። ቀሚሴ በሁለቱም በኩል ረጠበ። ቆሜ አየሁት። እኔን ማንም አላማከረኝም።

«ጠብታ» ያላት አባቷ ነው። ስትወለድ ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ ነበረች። እሱ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ ንጋት ላይ ወጥቶ ሲመሽ ነው የሚመለሰው። እናቱ ሊረዱኝ መጥተው ከእኛ ጋር ናቸው። እማማ ነው የምላቸው። ብዙ አይናገሩም። አለመናገራቸው ግን ይሰማል።

ረቡዕ፤ ሃያ ሁለተኛ ቀን

ጤና ጣቢያ ሄድን። ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ ሃምሳ። ነርሷ «ጥሩ ነው፣ እንዲሁ ቀጥይ» አለች።

ማስተር ደወሉ። የምሠራበት የወንድ ልብስ ስፌት ሱቅ ባለቤት ናቸው። «ለአንድ ኦርኬስትራ ሃያ ሁለት ኮት ተቀብያለሁ» አሉኝ። «አካሉን ሌሎቹ ይሰፉታል። እጅጌ የሚገጥምልኝ ግን ካንቺ ሌላ የለም። ስድስት ሳምንትሽን ስትጨርሺ ነይልኝ።» ሱቁ ከቤታችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ በምሳ ሰዓት እየመጣሁ አጠባለሁ። እሺ አልኳቸው።

እማማ ስልኩን ሰምተዋል። «ስድስት ሳምንት» ብለው ወደ ማድቤት ገቡ። ያ ብቻ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ግን ገብቶኛል። ሰነፍ ናት አይሉኝም እንጂ እናት ናትም አይሉኝም።

ቅዳሜ፤ ሃያ አምስተኛ ቀን

ጡት መያዣ ገዛሁ። የድሮዎቹ አልገጠሙኝም። ማለቴ፣ አልሞከርኳቸውም፤ አርጅተዋል።

ሻጯ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ «ልለካሽ?» አለችኝ። «የኔ እህት፣ እኔ ራሴ ለኪ ነኝ» አልኳት። እውነቴን ነው። ወንድ በራችን ላይ ሲቆም የደረቱን ቁጥር በዓይኔ እናገራለሁ፤ ሜትሩ ለምስክር ነው። የራሴንም አውቃለሁ። ሳላረግዝ የምለብሰውን ቁጥር ጠራሁላትና ያንኑ አወረደችልኝ። ለሚያጠቡ የተሠራ ነው፤ ፊቱ ይከፈታል። ከሥሩ ሽቦ አለው። «አራስ ከሆንሽ ባለ ሽቦውን ባትወስጂ» ብላኝ ነበር። እኔ ግን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ነው የፈለግሁት። ሱቅ ስመለስ እንደ እርጥብ ከረጢት ተንጠልጥዬ እንዲያዩኝ አልፈልግም።

ከኋላ ያለው ማያያዣ መጨረሻው ጋንቾ ላይ ብቻ ነው የሚደርሰው። አዲስ ነገር እስኪለመድ ነው።

ማታ ገመድ ላይ ሳሰጣው እማማ መጥተው ሽቦውን በጣታቸው ዳር እስከ ዳር ተከተሉት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ድጋፍ ነው፣ እማማ።»

«ለማን?»

ሐሙስ፤ ሠላሳኛ ቀን

ዝናብ። አራተኛ ቀኑ። ገመድ ላይ ያለው ሁሉ እርጥብ ነው። ያለኝ ደህና ጡት መያዣ አንድ ስለሆነ ማታ አጥቤ ጠዋት ከነርጥበቱ እለብሰዋለሁ። ገላዬ ያደርቀዋል።

ዛሬ ጠብታ ስትጠባ ቆጠርኩላት። ሁለቴ ትስባለች፣ አንዴ ትውጣለች፣ ትተነፍሳለች። እንደገና ሁለቴ። ማን አስተማራት? እኔ ቁልፍ ቀዳዳ መጥለፍ ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ማስተር ጣቴን በማስመሪያ ነካ እያደረጉ። እሷ ከሆዴ በወጣች በሰዓቱ ዓይኗን ሳትገልጥ አፏን ከፍታ ፈልጋ አገኘችው። ነርሷ የነገረችኝን ሳስብ ደግሞ እጄን አፌ ላይ ጭኜ እቀራለሁ። ወተቱ የጠዋቱና የማታው አንድ አይደለም አለችኝ። ስትጀምር ጥም የሚቆርጥ ቀጭን፣ ወደ መጨረሻው የሚያጠግብ ወፍራም። ከአንድ ምንጭ። እኔ ደግሞ ምንም አላደርግም፤ ተቀምጫለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ በእኔ ውስጥ ሲሠራ እኔ ግድግዳ እያየሁ ነው።

በግራ በኩል ስትጠባ ትነጫነጫለች። ሆዷን ነፍቷት ይሆናል።

ረቡዕ፤ ሠላሳ ስድስተኛ ቀን

ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ።

ነርሷ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አየችው። «በሁለት ሳምንት መቶ ሃምሳ ግራም ትንሽ ነው» አለች። «ጡትሽ ደህና ነው? ልየው?» ደህና ነው አልኳት። ብዙ ሰው ወረፋ ስለሚጠብቅ ነው ያላሳየኋት።

ትንሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ይህች ቃል ጆሮዬ ውስጥ። በልቻለሁ። ጠጥቻለሁ። ምን አጎደልኩ?

ሐሙስ፤ ሠላሳ ሰባተኛ ቀን

ሰምቼ ባልሰማሁ ይሻል ነበር። እማማ ማድቤት ሆነው ከእህታቸው ጋር በስልክ ሲያወሩ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። «ወተቷ እየቀነሰ ነው» አሉ። «ደረቷን ጥፍንግ አድርጋ ታስረዋለች። አያለሁ፣ ዝም እላለሁ። እኔ ደግሞ በምን አፌ ልናገራት? እኔ?» ከዚያ አፍንጫቸውን የጠረጉ መሰለኝ፤ ጉንፋን ይዟቸዋል።

ወተቷ እየቀነሰ ነው። ለዘመድ ተነገረልኝ። ነገ ሀገር ያውቀዋል።

እሑድ፤ አርባኛ ቀን

ባለቤቴ ዛሬ ዕረፍቱ ነው። ጠብታን ክንዱ ላይ አጋድሞ ቤቱን ሲዞር በየጥጉ «ወራጅ አለ?» ይላታል። ሳቅኩ። ከሳቅኩ ስንት ቀኔ።

ከሰዓት በኋላ «የጣሳ ወተት ብንጨምርላትስ?» አለ፣ በቀስታ፣ እንዳልከፋ። እኔ መልስ ከመስጠቴ በፊት ከወዲያኛው ክፍል «አይሆንም» የሚል ድምፅ መጣ። እማማ ናቸው። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም። ባለቤቴም ደነገጠ።

ግራ የገባ ነገር ነው። ወተቷ ቀነሰ ሲሉ የነበሩት እሳቸው፤ ይጨመርላት ሲባል አይሆንም የሚሉት እሳቸው። እኔን ለማሳጣት ካልሆነ ምን ይባላል?

ሰኞ፤ አርባ አንደኛ ቀን

ሥራ ገባሁ። ማስተር ከመነጽራቸው በላይ አይተውኝ «አንቺማ እንዳልወለደ ሰው ነሽ» አሉ። ቀኑን ሙሉ ቃሉን እንደ ከረሜላ ስመጠው ዋልኩ።

«ካውያ» ግን ሌላ አለች። ልብስ የምትተኩስልን ናት፤ ስሙ የወጣላት ለሥራዋም ለምላሷም ነው። አራት ልጆች አሳድጋለች። ከኋላዬ መጥታ በጣቷ ከብብቴ ሥር ነካችኝና «ምን ሆነሽ ነው እንደ ጆንያ የተቋጠርሽው?» አለች። «ሥራሽን ሥሪ» አልኳት።

ምሳ ሰዓት ሮጬ መጣሁ። አጠባሁ። ሮጬ ተመለስኩ። አራት እጅጌ ገጠምኩ።

ረቡዕ፤ አርባ ሦስተኛ ቀን

በግራ ጡቴ ከጎን በኩል የባቄላ ፍሬ የምታክል ቋጠሮ። ስነካት ታመኛለች። ነገ ትጠፋለች። ለማንም አልተናገርኩም። ሰባት እጅጌ።

ሐሙስ

አልጠፋችም። ባቄላ አይደለችም አሁን። ሲያጠቡ ጥርስ የሚያስነክስ ነገር አለ። ጠብታ ይዛ ትለቃለች፣ ይዛ ትለቃለች። ይቅርታ እላታለሁ። ስድስት እጅጌ።

አርብ

ብዕሩ አልያዝ አለኝ። በኋላ።

እሑድ፤ አርባ ሰባተኛ ቀን

አልጋ ላይ ነኝ። ጊዜ አለኝ። የአርብን ልጻፍ።

ጠዋት ሱቅ ስደርስ ብርድ ብርድ ይለኝ ነበር። ካቦርቴን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። የአሥራ ሁለተኛው ኮት እጅጌ አልቀመጥ ስላለኝ የብብቱን ክብ ጥቂት ላሰፋ መቀስ አነሣሁና ቆረጥኩ። ቆርጬ ስጨርስ የጠመኔው መስመር ከመቀሴ ሁለት ጣት ርቆ አየሁት። ጨርቁ ተበላሽቷል። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። ማስተር መጥተው አዩ። አልተቆጡም፤ መቀሱን ከእጄ ቀስ ብለው ወሰዱት። ያ ከቁጣ ባሰብኝ።

ካውያ የእጇን ጀርባ ግንባሬ ላይ አደረገች። «አንቺ ልጅ፣ ከኔ ካውያ ትበልጪያለሽ» አለች፤ ደግፋም ቤት አደረሰችኝ። ከደጅ ጀምራ ለእማማ «ጡቷ ነው፣ አውቀዋለሁ» አለቻቸው። እማማ ጠብታን በጀርባቸው አዘሉ፣ እኔን በክንዳቸው ያዙ፣ በዚያ ዝናብ ወደ ጤና ጣቢያ ወጣን። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። መንገድ ላይ የያዙኝን አያያዝ አልረሳውም፤ ወደ ሕክምና የሚወስዱኝ ሳይሆን ሊቀሟቸው ከመጡ ሰዎች የሚያስጥሉኝ ይመስሉ ነበር።

ነርሷ መጋረጃውን ሳበችና «አሁንስ እምቢ አትይኝም» አለች። ልብሴን አወለቅኩ። ከጡቴ ሥር፣ ሽቦው ባረፈበት ልክ፣ ቀይ ቦይ ተቆፍሯል። ቦዩ ወደ ብብቴ ዞሮ በሚያልቅበት ቦታ ቋጠሮው ተቀምጧል። የሎሚ ያህላል። ዙሪያው ፍም መስሏል።

«ወተቱ መንገዱ ተዘግቶበት ነው» አለችኝ። «ይሄ ሽቦ በሩን ዘግቶ ቆሟል፤ ከዚያ ቆሰለ። ጥቂት ቀን ብትቆዪ መግል ይዞ መቅደድ ይመጣ ነበር። ማነው የለካሽ?»

ያወለቅሁትን ጡት መያዣ ከልብሴ ሥር ሸጎጥኩት።

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ።»

አልሳቀችም። ብትስቅ ይቀለኝ ነበር። «አየሽ፣ ይሄ ደረት አሁን የድሮው አይደለም። ይሞላል፣ ይጎድላል፣ ደግሞ ይሞላል። ልክ የሆነ ነገር ስጪው» አለችኝና መድኃኒት ጻፈችልኝ። ማጥባቱን እንዳላቆም፣ የታመመውንም ጭምር፤ ወተቱ ለልጅቷ አይጎዳም። እንዳልጨምቀው፣ እንዳልፈትገው። «ካላገገመ ደግሞ የጣሳ ወተት እናግዛታለን፤ ኀጢአት አይደለም» ስትል እማማ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ሊነግሩኝ ስንቱ ሞከረ። ሻጯ ነግራኝ ነበር። ነርሷ ልየው ብላኝ ነበር። ካውያ በጣቷ ነክታ አሳይታኝ ነበር። ልጄ በአፏ ነግራኛለች፤ ያኔ ሆዷን ነፍቷት ነው አልኩ። የሰው ቁጥር በዓይኔ የማውቀው እኔ።

ማክሰኞ፤ አርባ ዘጠነኛ ቀን

ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ቋጠሮው እየለሰለሰ ነው። ዛሬ ጠብታ በግራ በኩል ሳትነጫነጭ ጠባች፤ ወተቱ በጉንጯ ዳር ፈሰሰ። ለአምስት ቀን ታጥሮበት፣ በትኩሳት ተጠብሶ፣ ያው መጣ። ቂም የማያውቅ ነገር።

እማማ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተነከረ ጨርቅ እየጨመቁ ጡቴ ላይ ያደርጉልኝ ነበር። እጃቸው ሻካራ ነው፤ ሲያስቀምጡት ግን እንደ ቅጠል ነው። ሳይታሰብ፣ ዓይናቸውን ከጨርቁ ሳያነሡ፣

«ባልሽ የመጀመሪያ ልጄ አይደለም» አሉኝ።

እንዳሉት እጽፈዋለሁ።

«ክብሪት ፋብሪካ እሠራ ነበር። ወልጄ በወሩ ሥራ ተመለስኩ። ወተቴ ቱታዬን እያረጠበ የሥራ አለቃችን፣ ካቦው፣ ሰው ፊት ይስቅብኛል። የአንሶላ ቅዳጅ ወስጄ ደረቴን አሰርኩት። ጠበቅ አድርጌ፤ ጠዋት እያሰርኩ ማታ እየፈታሁ። በሃያ ቀን ውስጥ ደረቀ። የጣሳ ወተት ጀመርንለት። የምንቀዳው ውሃ ከጉድጓድ ነበር፤ ክረምት ነው፣ ጎርፍ ገብቶበታል። ውሃው ይሁን፣ ጡጦው ይሁን፣ ማን ያውቃል። ሦስት ቀን አስቀመጠው። ሦስት ወሩ ነበር።»

ጨርቁን ነክረው ጨመቁት።

«ባልሽ አያውቅም። አባቱም እስኪሞት ክፉ ቀን ነው ከማለት ሌላ አላወራንም። አንቺ ያንን ሽቦ ይዘሽ ስትመጪ ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ። በምን ፊቴ? የራሴን ያላወቅሁ እኔ ለሰው ምን እመክራለሁ ብዬ ተውኩት። ይኸው ዝምታዬ ልጅቷን ሊያሳጣኝ ነበር።»

«እማማ፣ እኔ እኮ የጠሉኝ መስሎኝ ነበር።»

«ማንን?» አሉ፣ ከልባቸው ገርሟቸው። «አንቺን?»

ጨርቁ ሲሞቅ ሌላ ያመጣሉ። ይህን ሁሉ ሳምንት አንድ ጣራ ሥር ኖረን አንዳችን የአንዳችንን ዝምታ በራሳችን ፍርሃት ስንተረጉም ኖረናል። አርባ ስንት ዓመት ይህን ተሸክመው ኖረዋል። ሰው እንዴት ይህን ያህል ይይዛል? ይህን የሚለካ ሜትር አላውቅም።

ቅዳሜ፤ ሃምሳ ሦስተኛ ቀን

ዛሬ ተለካሁ።

የራሴን ሜትር ከመሳቢያ አወጣሁና ለእማማ ሰጠኋቸው። «እኔ ምን አውቃለሁ» አሉ። «እኔ ራሴን ስለካ እዋሻለሁ፤ እርስዎ ይለኩኝ» አልኳቸው። ሳቁ፤ ጥርሳቸውን አየሁት። ከማጥባቴ በፊት፣ ጡቴ ሞልቶ ሳለ ነው የተለካሁት፤ ነርሷ እንዲያ ብላለች። እስትንፋሴን እንደ ልማዴ ያዝኩ። «ተንፍሺ እንጂ፤ ሳትተነፍሺ ነው እንዴ የምትውዪው?» አሉኝ።

ከጡት ሥር፣ ሰማንያ አንድ። በጡት ላይ፣ አንድ መቶ። ድሮ ሰባ አምስትና ሰማንያ ስምንት ነበርኩ። ግራው ከቀኙ በሁለት ጣት ይበልጣል። ቁጥሩን «ደረት» በሚለው ዓምድ ሥር ጻፍኩና ብዙ ጊዜ አየሁት። አሥራ ሁለት ሴንቲሜትር። ደንበኛ እንዲህ ተለውጦ ቢመጣ ኮቱን ፈትቼ እንደ አዲስ እቆርጥለታለሁ እንጂ ሰውየውን በአሮጌው ኮት ውስጥ ጠቅጥቄ አልሰደውም። ለራሴ ያደረግሁት ግን እሱን ነው። የጎድን አጥንቴ እንኳ ለልጅቷ ቦታ ለመልቀቅ ተከፍቷል። አጥንት። እኔ ሳልጠየቅ አጥንቴ መንገድ ለቋል፣ እኔ በጋንቾ ልዘጋው እታገላለሁ።

ጠብታን ይዘን ሦስታችን ጡት መያዣውን ወደገዛሁበት ሱቅ ሄድን። ያቺው ሻጭ ናት። አወቀችኝ፣ ግን ምንም አላለችም፤ ሰው ማለት ይህ ነው። ሽቦ የሌላቸውን፣ ጥጥ የሆኑትን ደረደረችልን።

የመጀመሪያው ጀርባዬ ላይ ወደ ላይ ሸሸ። ሻጯ «ከሥር ያለው ማሰሪያ ነው ክብደቱን የሚሸከመው፤ ከኋላ ከወጣ ሰፍቶሻል ማለት ነው፣ ትከሻሽ ይቆረጣል» አለች። ሁለተኛው ከላይ ጡቴን ለሁለት ከፈለው፤ ጠባብ ነው። ሦስተኛው ያማረ ነበር፤ ዳንቴል አለው፣ ዓይኔ ቀረበት። እማማ ጨርቁን በአውራ ጣታቸው አሹት። «ይሄ ቶሎ ይደርቃል?» «አይ፣ እናቴ፣ ውስጡ ስፖንጅ ነው።» «እንግዲያው ለፎቶ ነው» ብለው መለሱላት።

በአራተኛው እማማ ፈተናውን ጀመሩ። «እጅሽን አንሺ።» አነሣሁ፤ ከቦታው አልተነቃነቀም። «ጎንበስ በዪ።» አልፈሰስኩም። ሁለት ጣታቸውን ከማሰሪያው ሥር አስገቡ፤ ገባ፣ ሦስተኛው አልገባም። መካከለኛው ጋንቾ ላይ ነው የተያዘው፤ ሲሞላም ሲጎድልም መሄጃ አለው። ከብብቴ በኩል ቋጠሮው የነበረበትን ቦታ በዳበሳ ፈለጉ፤ ምንም የሚጫን ስፌት የለም። ከውስጥ ወተት የሚመጥ ጨርቅ ለማስገባት ቦታ ተርፏል። ከዚያ ጠብታን አስታቀፉኝና «በአንድ እጅ ክፈቺው» አሉ። ክሊፑን በአውራ ጣቴ ገፋሁት፣ ፊቱ ወረደ፣ ጡቱ ሙሉ በሙሉ ወጣ፤ ዳሩን የሚያንቀው ላስቲክ የለም። ጠብታ ከመጋረጃው ወዲህ፣ መስታወቱ ፊት፣ መጥባት ጀመረች።

መስታወቱን አየሁ። ከወለድኩ ወዲህ ከአንገቴ በታች በመስታወት አይቼ አላውቅም፤ አሁን እውነቱን ልጻፍ። ደም ሥሮቼ ሰማያዊ ሆነው ከትከሻዬ እስከ ጡቴ ድረስ ይወርዳሉ፣ ካርታ ላይ እንዳለ ወንዝ። ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ይሄዳሉ፣ ወደ ትንሿ አፍ። ይህን ነበር የደበቅሁት። አፈርኩ፤ ከዚያ ማፈሬን ተውኩትና ዝም ብዬ አየሁ።

ሦስት ወሰድን፤ አንዱ ገላዬ ላይ፣ አንዱ ገመድ ላይ፣ አንዱ ለዝናብ። እማማ ናቸው እንዲያ ያሉት። ስንወጣ ትከሻዬ ከጆሮዬ የራቀ መሰለኝ።

ሰኞ፤ ሃምሳ አምስተኛ ቀን

ሱቅ ገባሁ። የተበላሸውን ኮት ማስተር ራሳቸው በአዲስ ጨርቅ ቆርጠውታል። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር «ጨርቅ ይተካል» ብለው አቋረጡኝ። «እንዳልወለደ ሰው» አላሉኝም። ካውያ ከላይ እስከ ታች አይታኝ «አሁን ሰው መሰልሽ፣ ትንፋሽሽ ይሰማል» አለች። ከልብስ መለኪያው መጋረጃ ጀርባ ወንበር አስቀምጣልኛለች። እማማ ጠብታን ጠዋትም ከሰዓትም ያመጡልኛል፤ እነሱ ሲመጡ ማስተር ይስላሉ፤ ሳሉ ማለት ለሠራተኛው ሁሉ ከመጋረጃው ጀርባ አትግቡ ነው።

አምስት እጅጌ። ይበቃል።

ረቡዕ፤ ስድሳ አራተኛ ቀን

ሦስት ኪሎ ከስድስት መቶ።

ነርሷ ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበችው፤ ወረፋ የያዙት እናቶች ሁሉ ዞር አሉ። ጠብታ ሚዛኑ ላይ ተጋድማ ክንዷ ላይ ሁለት እጥፋት አወጣች። ስምንት መቶ ግራም ልጅ። ከእኔ የወጣ፣ አሁን ግን የእሷ የሆነ፣ ሥጋ፣ ጥፍር፣ ሽፋሽፍት። በቀን በቀን ስታድግ በዓይኔ አላየሁም፤ ዓይኔን ያን ያህል እያመንኩ።

ባለቤቴ ፈቃድ ወስዶ ዛሬ አብሮን ነበር። ነርሷ አዲስ ካርድ ስትሞላ የቤተሰብ ጤና ትጠይቅ ጀመር። እኔን ጨርሳ ወደ እማማ ዞረች።

«እርስዎስ፣ እናቴ፣ ስንት ወልደዋል?»

ባለቤቴ ቦርሳውን እንደያዘ «ሦስት» ሊላት ነበር፤ እሱና ሁለት እህቶቹ። ሰው በጠየቃቸው ቁጥር እሳቸውም የሚሉት ይህንኑ ነው።

«አራት» አሉ እማማ። «አራት ወልጃለሁ። የበኩር ልጄ በሕፃንነቱ ሞተብኝ።»

ነርሷ ጻፈችው። ወረቀት ላይ ሲጻፍ አየሁት፤ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ። ባለቤቴ እናቱን አየ፣ እኔን አየ። ቦርሳውን ወደ ሌላ ትከሻው አዛወረና የእናቱን ክንድ ያዘ።

ዝናቡ ቆሟል። አውቶቡስ ፌርማታው ጋ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ተቀመጥን። ጠብታ ራባትና ማጥባት ጀመርኩ። አውቶቡስ መጣ፣ በሩ ተከፈተ። ሹፌሩ የባለቤቴ ባልደረባ ነው፤ ሊጠብቀን ሞተሩን ሳያጠፋ ቆመ። ባለቤቴ በእጁ ሂድ አለው።

በሩ ሲዘጋ «እማዬ» አለ፣ «ስሙን ማን ብለሽው ነበር?»

እማማ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን ቶሎ አልመጣም። ከዚያ መጣ። ስሙን ጠሩት። እዚህ አልጽፈውም፤ የእነሱ ነው። ባለቤቴ ቃሉን ከአፋቸው ተቀብሎ ቀስ ብሎ ደገመው፣ ከበድ ያለ ነገር እንደሚቀበል ሰው፤ እማማም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ እሱ ጠየቀ፣ እሳቸው መለሱ። ፀጉሩ ምን ይመስል ነበር፣ ማንን ይመስል ነበር፣ ይስቅ ነበር ወይ። ይስቅ ነበር፣ አሉ። በእጄ ላይ አንዲቱ ትጠባለች፣ በአጠገቤ ሌላው ከስንት ዓመት በኋላ እየተወለደ ነው። ሁለት አውቶቡስ አለፈን።